በ13 እሑድ የሚዞር የደም ልገሳ፦ ለመሃል አዲስ አበባ የበጎ አገልግሎት ክለቦች

ሮታሪም ሆነ ላየንስ፣ የወጣት ክለቦቻቸው ሮታራክትም ሆነ ሊዮ፣ በአዲስ አበባ ያለ ክለብ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ደም ማስለገሱ አይቀርም። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰሞን ማድረጉ ነው። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ሲደርስ ድንኳን ይተከላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው፤ የማቆያ ፈሳሹ ዓይነት ከፈቀደ እስከ 42 ቀን ይደርሳል። ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ሰኔ 7 የተሰጠ ደም በ35 ቀን ሲሰላ ሐምሌ 12 ላይ ጊዜው ያልፋል። ከሐምሌ 12 በኋላ ያለው ክረምት በሙሉ፣ ዋነኞቹ ለጋሾች የሆኑት ተማሪዎች በተበተኑበት ወቅት፣ ባዶ ይቀራል። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናትም ሆነች ጥቁር አንበሳ ለካንሰር ሕክምና የተኛው ልጅ ሰኔን ጠብቀው አይታመሙም።

ስለዚህ ከድንኳኑ በፊት መስተካከል ያለበት ቀን መቁጠሪያው ነው።

ቀኑን በጋራ መደልደል

አንድ ሰው ደም ከሰጠ በኋላ መልሶ መስጠት የሚችለው ሦስት ወር ቆይቶ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር ልክ 90 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ ጥቅምት 10 የሰጠ ጥር 10 ይሰጣል። ነገር ግን 90 ቀን 12 ሳምንት ከ6 ቀን ነው፤ እሑድ የጀመረ ክለብ ቀጣዩ ተራው ቅዳሜ ላይ ይወድቅበታል። 91 ቀን ቢባል ግን ልክ 13 ሳምንት ይሆናል፤ እሑድ ከእሑድ ይገጥማል። ወር ትታችሁ 13 እሑድ ቁጠሩ። ጳጉሜንም አያስቸግርም።

አሁን ስድስት ክለቦች ተስማሙ እንበል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክለብ ቢያስለግስ ስድስቱ በ12 ሳምንት ይዳረሳሉ፤ 13ኛው ሳምንት መጠባበቂያ ይሆናል። ዝናብ ያበላሸው፣ በዓል የገባበት፣ መንገድ የተዘጋበት ክለብ በዚያ ሳምንት ይተካል። ከዚያ የመጀመሪያው ክለብ እንደገና ይጀምራል፤ ለጋሾቹም በዚያው ቀን ለመስጠት ብቁ ይሆናሉ። ደም ባንኩ በየሁለት ሳምንቱ ትኩስ ደም ያገኛል ማለት ነው። አራት ክለብ ብቻ ከሆናችሁ በየሦስት ሳምንቱ አድርጉት፤ 12 ሳምንት ይሞላል፣ መጠባበቂያዋም እንዳለች ትቀራለች።

ሠንጠረዡ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዙትን ቀናት አስቀምጡ። መስቀል አደባባይ ዙሪያ የሚዘጋባቸውን ቀናት፣ ማለትም የደመራን ቀን መስከረም 16ንና ዋዜማውን፣ ኅዳር ላይ የሚደረገውን የታላቁ ሩጫ እሑድ፣ ለተሽከርካሪ የሚዘጉ የ«መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ልብ በሉ። ደም የጫነው መኪና ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ብሔራዊ ደም ባንክ መግባት አለበት። ፕሌትሌት ለመለየት ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መድረስ ስላለበት፣ ለገሀር ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ መኪና ያንን ዕድል ያሳጣል።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ክለብ ይሳሳታል። ባዶ ሆድ የመጣ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል፤ ባለሙያውም ይመልሰዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ረመዳን አንድ ወር ሙሉ፤ እነዚህን ሁሉ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ቀን አታገኙም። መፍትሔው ሰዓት መቀየር ነው። እሑድ የጾም ወራት ቢሆንም ከቅዳሴ በኋላ ይበላልና ከ4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ቅዳሴ የቆየ ሰው 3 ሰዓት ወጥቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ትንሽ አርፎ ይምጣ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደም እንዲፈሰው ስለማይፈልግ አትጎትጉቱት፤ ለቀጣዩ ዙር መዝግቡት። በረመዳን ተራው የደረሰ ክለብ ከመጠባበቂያው ሳምንት ጋር ይለዋወጥ፤ ካልሆነ ሙስሊም አባሎቹን ለሚቀጥለው ክለብ ቀን ያስመዝግብ።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ። የሮታሪም የላየንስም የአገልግሎት ዓመት በየዓመቱ ሰኔ 24 ይጀምራል፤ ፕሬዚዳንቱና ጸሐፊው በዚያ ቀን ይለወጣሉ። ዝውውሩ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው። የወጣው ጸሐፊ ስልክ ቁጥሮቹን በራሱ ስልክ ይዞ ይሄዳል፣ አዲሱ «እስክንደራጅ» ይላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ያልፋሉ። የሐምሌና የነሐሴ ተረኛ ክለቦች ደብዳቤያቸውን ሰኔ 15 አካባቢ፣ ከርክክቡ በፊት፣ በወጪው ፕሬዚዳንት ፊርማ ያስገቡ። የርክክብ ሰነዱ ላይም ከባንክ ደብተሩ ቀጥሎ «የደም ልገሳ ተራና የለጋሾች ዝርዝር» የሚል መስመር ይግባ።

ደብዳቤውና ቦታው

ለደም ባንኩ የሚጻፈው ደብዳቤ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይግባ። ማኅተም ያለው አንድ ገጽ ይበቃል፦ የክለቡ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ ቦታው ከምልክቱ ጋር («ከፖስታ ቤት ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲወርዱ በስተቀኝ» እስከማለት)፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የሚጠበቀው ለጋሽ ብዛት፣ መኪና የሚቆምበት ስፍራ፣ የሁለት ሰው ስልክ። ሁለት ያልነው አንዱ ቅዳሴ ላይ ስልኩን ሊዘጋ ስለሚችል ነው። ደብዳቤውን አስገብቶ መተው አይበቃም፤ ከሳምንት በፊትና በዋዜማው ደውሉ፣ ስንት አልጋና ስንት ባለሙያ እንደሚመጣ ጠይቁ። አልጋው፣ የደም ከረጢቱ፣ መርፌው፣ ምርመራው፣ ባለሙያው ከደም ባንክ ነው። ሰው፣ ስፍራ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መብራት፣ ውሃና ምግብ ከእናንተ።

ለስፍራ ምድር ቤት ያለ አዳራሽ ይመረጣል። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሚያምር አዳራሽ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ራሱን የሳተ ሰው በደረጃ ማውረድ ከባድ ነው፣ አልጋዎቹንም የሚያወጣቸው ሰው ነው። መጸዳጃ ቤት ቅርብ መሆኑን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ከአልጋዎቹ እንደሚደርስ (20 ሜትር የሚሆን ገመድ ያዙ) አረጋግጡ። ከሁሉ በላይ የምክር መስጫ ጥግ ይኑር። ባለሙያው ከለጋሹ ጋር ስለ ግል ሕይወቱ የሚነጋገርበት ስለሆነ፣ ሁለት ወንበር ከሰልፉ ቢያንስ አምስት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ጀርባው ለሰዉ ሆኖ ይቀመጥ። በመጋረጃ ብቻ መለየት ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። ሰው ከሰማው ጥያቄውን በእውነት አይመልስም፤ እውነቱ ካልተነገረ ደግሞ አደጋው ደሙን ለሚቀበለው በሽተኛ ነው።

ውጭ ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ የወረዳው ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ኮፒው በዕለቱ እጃችሁ ላይ ይኑር። የድንኳኑን እግር በአሸዋ ከረጢት እሰሩት። አስፋልት ላይ ካስማ አይተከልም፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ነፋስ ደግሞ ድንኳን ያነሣል። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙበት።

ስንት ሰው ይጠራ?

አንድ ለጋሽ አልጋ ላይ ከወጣ ጀምሮ ክንዱ እስኪጸዳ፣ ደሙ እስኪቀዳና እስኪነሣ 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ቅጂው ራሱ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድ አልጋ በሰዓት ሦስት ሰው ያስተናግዳል። አራት አልጋ በአራት ሰዓት ውስጥ 48 ሰው፤ ያውም ምንም ካልተጓተተ። 40 ዩኒት (ከረጢት ደም) የሰበሰበ ክለብ ጥሩ ቀን ውሏል። ይህን ሳያሰሉ ሦስት መቶ ሰው በቴሌግራም ጠርቶ ሁለት ሰዓት ማሰለፍ፣ በመጨረሻም «ከረጢት አለቀ» ብሎ መመለስ፣ ያንን ሰው ለዘለቄታው ማጣት ነው።

በየ20 ደቂቃው አምስት ሰው ቅጠሩ። አራቱ ለአራቱ አልጋ፣ አምስተኛው ለቀረው ወይም በምርመራ ለሚመለሰው መተኪያ። ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት 12 ዙር ስላለ ጠቅላላ 60 ስም ይሆናል። ሁሉም አባላት በአንድ ጊዜ እንዳይከማቹ የክለቡን ሰዎች በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ዙሮች በትኗቸው፤ መሃሉ ለአካባቢው ሰው ይሁን።

በዋዜማው የሚላከው መልእክት አጭር ይሁን። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦

«ሰላም። ነገ እሑድ የደም ልገሳ ቀጠሮ አለዎት። ሰዓትዎ 5፡20 ነው። ቁርስ በልተው፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ይምጡ። መታወቂያ ይያዙ። ካልቻሉ ‹አልችልም› ብለው ይላኩልን፤ ሰዓቱን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ሰው እንቢ ማለት ስለሚከብደው ዝም ብሎ ይቀራል። መንገድ ከተሰጠው ግን ይናገራል።

ማን ይሰጣል የሚለውን ስትጽፉ መሠረቱን ብቻ አስቀምጡ፦ ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት 45 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ከመጨረሻው ልገሳ ሦስት ወር ያለፈው፣ በዕለቱ ጤነኛ የሆነ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ። ጥርስ ያስነቀለ፣ መድኃኒት የጀመረ፣ በቅርቡ ንቅሳት ወይም ዋግምት ያደረገ፣ ከጋምቤላ፣ ከመተሐራ ወይም ከአርባ ምንጭ በቅርቡ የተመለሰ (ወባ ስላለ) ለባለሙያው ይንገር። መዝጋቢው ራሱ «አንተ አትችልም» ብሎ አይመልስ። ውሳኔው የባለሙያው ነው።

«ደሜን ሰጥቼ የኤች አይ ቪ ውጤቴን አውቃለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰውም ይኖራል። ይህን በማስታወቂያችሁ ላይ እንደ ጥቅም ፈጽሞ አትጻፉት። ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሆኖም አዲስ የተያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምርመራ ላይታይ ይችላል። መመርመር የፈለገ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ አቅጣጫውን በትሕትና ንገሩት።

ገንዘብም አይከፈል፣ ስጦታም አይብዛ። ለቲሸርት የሚወጣውን ለዳቦና ለስልክ ካርድ አውሉት።

የዕለቱ አሠላለፍ

ዐሥር ሰው ይበቃል፦ በር ላይ አንድ፣ ምዝገባ ላይ ሁለት፣ ሰልፍ የሚያስተካክል አንድ፣ አልጋዎቹ አጠገብ አንድ፣ ሻይና ዳቦ ላይ ሦስት፣ መውጫ ላይ አንድ፣ የሚላላክ አንድ። የኢንተራክት (የሮታሪ የታዳጊዎች ክለብ) ልጆች ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ስለሆነ አብዛኞቹ አይሰጡም፤ ግን ከምዝገባና ከመስተንግዶ የተሻለ መግቢያ የላቸውም። ልጅ ሆኖ ያየው ነገር 18 ሲሞላው አያስፈራውም።

ምዝገባ፣ ምክር፣ ጣት ተወግቶ የሚደረገው የደም መጠን ምርመራ፣ አልጋ፣ ማረፊያ፤ ሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው መርፌ ሲገባ እንዳያይ ወንበሮቹን ጀርባ አዙሯቸው። አንድ ሰው ሲወድቅ ያየ ሌላው ይከተላል፤ ይህ የፍርሃት ጉዳይ እንጂ የደም ማነስ አይደለም።

አልጋ አጠገብ ያለው በጎ ፈቃደኛ ሥራው ማውራት ነው። ስለ ሥራው፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ሠፈሩ ይጠይቅ፤ ዓይኑ ግን ፊቱ ላይ ይሁን። ሊዝል የቀረበ ሰው ምልክት አለው። መጀመሪያ ያዛጋል፣ ቀጥሎ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ ከንፈሩ ይገረጣል፣ ከዚያ መልሱ ያጥራል፤ «እ» ብቻ ይላል። እዚያ ላይ ሲደረስ ወዲያው ባለሙያውን በስም መጥራት ነው። እግሩ ከልቡ ከፍ ይበል፣ ጭንቅላቱ ይውረድ፣ በዙሪያው ያለው ሰው ይበተን። ውሃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፣ ፊቱንም አትምቱት። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል።

የቡና ነገር እንዳይረሳ። ክለቦች ረከቦት ዘርግተው ዕጣን ማጨስ ይወዳሉ፤ ያማረ ነው። ከሰልና ዕጣን ግን ከአልጋዎቹ ጋር በአንድ ድንኳን ውስጥ አይግቡ። ደም የሰጠ ሰው ጭስ ሲሸተው ይዞርበታል፣ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የከሰል ጭስ ለማንም አደገኛ ነው። ቡናው ውጭ፣ ነፋስ ወደ ሌላ በሚወስደው በኩል ይፈላ።

ለ60 ሰው የሚበቃ መስተንግዶ፦ ግማሽ ሊትር ውሃ 120 (አንዱ ከልገሳ በፊት፣ አንዱ በኋላ)፣ ቀጠን ያለ ሻይ 12 ሊትር ከአንድ ኪሎ ስኳር ጋር፣ ዳቦ 70፣ ቴምር 3 ኪሎ። ሁሉም የጾም ይሁን፤ ወተትና ቅቤ የገባበት ኬክ ዓርብም ሆነ በዐቢይ ጾም ተመልሶ ይሄዳል፣ የጾመውም ሰው ይሳቀቃል። ስትሸኟቸው ስለ ቀጣዮቹ ሳምንታት ንገሯቸው፦ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ የሚበላ ከሆነ ሥጋ ይብሉ፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣ። ሻይና ቡና ብረት ከምግብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። የጠፋው ፈሳሽ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

ማረፊያው ላይ 15 ደቂቃ ሳይቀመጥ ማንም አይውጣ። ሰው አልጋ ላይ ከሚወድቀው ይልቅ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ መውደቁ ይከፋል፤ አስፋልት ነው፣ የሚያውቀውም የለም። በዚያ ቀን በተወጋው እጅ ከባድ ነገር አያንሣ፣ አልኮል አይጠጣ፣ ኳስ አይጫወት። ፕላስተሩ ሥር ደም ከመጣ እጁን ከፍ አድርጎ አምስት ደቂቃ ይጫነው።

በምርመራ የተመለሰ ሰው

ይህ ክለቦች የሚወድቁበት ቦታ ስለሆነ በተለይ ይታሰብበት። ከምክር ጥጉ ተነሥቶ ወደ አልጋ ያልሄደ ሰው ሲታይ «ምነው? ምን አሉህ?» የሚል አባል አይጠፋም። በእኛ አገር ይህች ጥያቄ ሐሜት ናት። ደሙ ትንሽ ያነሰበት፣ ግፊቱ ከፍ ያለበት፣ ትናንት የጉሮሮ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሠፈር ሙሉ እንዲያየው ይደረጋል። ደንቡ አንድ ነው፦ የተመለሰውም የሰጠውም በአንድ በር ወደ አንድ ማረፊያ ይሂዱ፣ አንድ ዓይነት ሻይ ይጠጡ፣ አንድ ዓይነት ምስጋና ይቀበሉ። ተለጣፊ ባጅ የምትሰጡ ከሆነ ለሁለቱም ስጡ። ፎቶ አንሺው የምክር ጥጉንና የምርመራ ጠረጴዛውን አያንሣ፤ አልጋ ላይ ያለውንም ፈቃድ ጠይቆ ብቻ።

ዜናው እንዴት ይጻፍ

ለሌሎቹ ክለቦች የሚላከው ዜና በሁለት ቀን ውስጥ ይውጣ። «ታላቅ የደም ልገሳ መርሐ ግብር በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ» ብሎ ጀምሮ የክብር እንግዶችን ስም ዘርዝሮ የሚያልቅ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ተረኛ ክለብ ምንም አይነግረውም። የሚፈለገው ይህን የመሰለ ነው (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)፦

«ክለባችን ሦስተኛ ዙሩን እሑድ አካሄደ። 60 ሰው ተቀጠረ፣ 52 መጣ፣ 9 በሕክምና ምክንያት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፣ 43 ዩኒት ተሰበሰበ። ከሰጡት 17ቱ የመጀመሪያቸው ነው፤ 14ቱ ባለፈው ዙር የሰጡ ናቸው። 6 እና 6፡20 ላይ ሰልፍ በዝቶ ነበር፤ መብራት ለ25 ደቂቃ ጠፍቷል። ቀጣዩ ተረኛ ክለብ ጄኔሬተር ይያዝ።»

«14ቱ ባለፈው ዙር የሰጡ» የምትለዋ ቁጥር ከ43ቱ ይልቅ ብዙ ትናገራለች። ተመላላሽ ለጋሽ ሲበዛ ዝውውሩ ሥር ሰደደ ማለት ነው፤ በየዙሩ አዲስ ሰው ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አያያዛችሁ ላይ ችግር አለ፣ ጠይቁ። የማንንም የደም ዓይነት ከስሙ ጋር፣ ማንም በምርመራ የተመለሰበትን ምክንያት አትጻፉ።

መውጫ ላይ የተቀመጠው ሰው የእያንዳንዱን ለጋሽ ስልክና የመመለሻ ቀን በደብተር ይዟል። ደብተሩ የክለቡ እንጂ የጸሐፊው አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። በ77ኛው ቀን፣ ማለትም በ11ኛው እሑድ፣ የመጀመሪያው መልእክት ይላክ፦ «ባለፈው ስለሰጡን እናመሰግናለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መስጠት ይችላሉ። የትኛው ሰዓት ይመችዎታል?» መልስ ያልሰጠው ላይ በ84ኛው ቀን ይደወል፤ የሚደውለውም ባለፈው ጊዜ አልጋው አጠገብ ያጫወተው ሰው ይሁን።